ጤናማ ትምህርት አልጋ አጠገብ ነው የሚፈተነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የታመመች እህት ልጠይቅ ሄድኩ። ካንሰር ነበር፤ ያውም የገፋ። ስገባ ስልኳ ትራሱ ላይ ተደግፎ ስብከት ያሰማል። ሰባኪው ይጮኻል። «የታመምከው እምነትህ ስለሳሳ ነው! አፍህን ክፈት! ፈውስህን አውጅ!» እሷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድምፅ ለማውጣት አቅም አልነበራትም። ስብከቱ ሲያልቅ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ዞረች። «ምን አጉድዬ ይሆን?» አለችኝ።

የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ስለ እምነቷ ነው። ሕመሙ አልበቃ ብሎ «ጥፋቱ ያንቺ ነው» የሚል ሸክም ተጭኖባታል። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። እጇን ይዤ ዝም አልኩ።

አስተምህሮ የሚባል ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው ይሰለቻል። «ይሄ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ይላል። «ዋናው ፍቅር ነው፤ ትምህርት ይከፋፍላል» የሚልም አለ። ለምን እንዲህ እንደሚሉ ይገባኛል። በአስተምህሮ ስም ወንድም ወንድሙን ሲያዋርድ ያየ ሰው ቃሉን ቢጠላው አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አስተምህሮ ሲባል የሚታየኝ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳይሆን ያ አልጋ ነው። በዚያ ክፍል ከነበረው ሐዘን ግማሹ ከበሽታው የመጣ አልነበረም። ከትምህርት የመጣ ነበር። አንድ ሰው የሆነ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ እግዚአብሔር የተሳሳተ ነገር ተናገረ። ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ነች።

ጤናማ ሲባል

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ በጻፋቸው መልእክቶች ደጋግሞ የሚጠቀምበት አንድ የግሪክ ቃል አለ፤ ሂጊያይኖ። ጤነኛ መሆን ማለት ነው። ዛሬ ሁላችንም የምናውቀው «ሃይጂን» የሚለው ቃል የዚሁ ዘመድ ነው። ሉቃስ ይህንኑ ቃል ለሰው አካል ጤንነት ይጠቀምበታል። ኢየሱስ ሐኪም የሚያስፈልገው ለሕመምተኛ እንጂ ለጤነኛ አይደለም ሲል፣ ጤነኛ የተባለው በዚህ ቃል ነው። የጠፋው ልጅ ሲመለስም አገልጋዩ ለታላቅ ወንድሙ «አባትህ በደኅና ስላገኘው ፍሪዳ አረደ» ይለዋል። «በደኅና» የተባለውም ያው ነው።

እንግዲህ ጤናማ ትምህርት ሲባል በፈተና ወረቀት ላይ ትክክል የሚያስብል መልስ ማለት ብቻ አይደለም። ራሱ ጤነኛ ሆኖ የሰማውን ሰው ጤነኛ የሚያደርግ ትምህርት ነው። የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሐረጉን «ሕይወት የሚገኝበት ትምህርት» ብሎታል። ቃል በቃል አይደለም፤ ግን ነገሩን በደንብ ይዞታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ትርጉም ይዛችሁ ወደዚያች ታማሚ ክፍል ብትገቡ የሰማችው ስብከት ምን እንደጎደለው ወዲያው ይገባችኋል። ሕይወት አልተገኘበትም።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 1 ላይ ጤናማ ትምህርትን የሚቃወሙ ነገሮችን ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ስንጀምር የተሳሳቱ ንድፈ ሐሳቦችን እንጠብቃለን። የምናገኘው ግን ነፍሰ ገዳዮችን፣ ሰው ሰርቀው የሚሸጡትን፣ ውሸታሞችን፣ በሐሰት የሚምሉትን ነው። ቲቶን ደግሞ «ሕይወት ለሚገኝበት ትምህርት የሚገባውን ተናገር» ካለው በኋላ በቀጥታ የሚገባው ወደ ሽማግሌዎች ልከኝነት፣ ወደ አሮጊቶች አንደበት፣ ወደ ጎበዞች ራስን መግዛት ነው። ትምህርቱ መድረክ ላይ አይቀርም፤ ሳሎን ይገባል፣ ኪስ ይገባል። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚወጣ ነገር ግን የምዕመናንን መባ የሚያጭበረብር ሰው፣ በጳውሎስ ሚዛን ጤናማ ትምህርት ይዟል አይባልም።

አደራ

ጳውሎስ በመጨረሻው ደብዳቤው ጢሞቴዎስን «መልካሙን አደራ ጠብቅ» ይለዋል። ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። አይሸጠውም፣ አይለውጠውም፣ ቀለሙ አላማረኝም ብሎ ሌላ ቀለም አይቀባውም። ባለቤቱ ሲመጣ እንዳለ ያስረክባል። አደራ በላ መባል ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን።

ጳውሎስ ራሱ የሚናገረው እንደዚያ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ ወንጌሉን ሲያስታውሳቸው «እኔ የተቀበልሁትን አሳልፌ ሰጠኋችሁ» ብሎ ይጀምራል። ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፤ ተቀበረ፤ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ለብዙዎች ታየ። በደማስቆ መንገድ ላይ ጌታን ያየ ሐዋርያ እንኳ «ተቀበልኩ» ይላል።

ዛሬ መድረክ ላይ የሚከበረው ተቃራኒው ነው። «ዛሬ የምነግራችሁን ከማንም ሰምታችሁት አታውቁም» ሲባል አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ ይህን ስሰማ ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው የሚሰማኝ። ከሐዋርያት ጀምሮ ማንም ያልሰማው ነገር ከሆነ ከማን ተቀበልከው? አዲስ ምሳሌ፣ አዲስ አቀራረብ፣ አዲስ ዜማ ይምጣ። ዘመኑን የሚያናግር ስብከት ያስፈልገናል። አደራው ግን አዲስ ሊሆን አይችልም።

ሁለት ዓመት ወይስ ሰባ ዓመት?

በስልክ ስክሪን፣ በግድግዳ ጌጥ፣ በምረቃ ካርድ ላይ ከሁሉ በላይ ከሚጻፉ ጥቅሶች አንዱ ኤርምያስ 29፥11 ነው። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው። እኔም እወደዋለሁ። ግን ከየት ተቆርጦ እንደመጣ እንይ፤ ስለ ሐሰተኛ ትምህርት ይህን ያህል ያስተማረኝ ሌላ ታሪክ ስለሌለ ትንሽ ልቆይበት።

ጊዜው ባቢሎን የይሁዳን ንጉሥ ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱን፣ የእጅ ባለሙያዎቹንና የቤተ መቅደሱን ዕቃ ማርካ ከወሰደች በኋላ ነው። ኤርምያስ አንገቱ ላይ የእንጨት ቀንበር አድርጎ ይዞራል፤ ለባቢሎን ንጉሥ ተገዙ የሚል መልእክት ነው። ማንም ሊሰማው የማይፈልግ መልእክት። ያን ጊዜ የገባዖኑ ሐናንያ በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ተነሣ። «በሁለት ዓመት ውስጥ የተማረከው ሁሉ ይመለሳል፤ ይላል እግዚአብሔር» አለ። ቀንበሩንም ከኤርምያስ አንገት ወስዶ ሰበረው።

ሐናንያ የሌላ አምላክ ስም አልጠራም። ጣዖት አላቆመም። የእግዚአብሔርን ስም በትክክል ጠርቷል፤ የተናገረው የተስፋ ቃል ነው፤ ሕዝቡን የሚወድ ይመስላል። ስህተቱ በአንድ ቁጥር ላይ ነው ያለው። ሁለት ዓመት አለ።

የኤርምያስ የመጀመሪያ ምላሽ ደግሞ ሁልጊዜ ይነካኛል። «አሜን! እግዚአብሔር እንዲሁ ያድርግ» ነው ያለው። የሐናንያ ቃል እውነት ቢሆን ከማንም በላይ ደስ የሚለው እሱ ነበር። እውነተኛ አስተማሪ መጥፎ ዜና መንገር አያስደስተውም። ከዚያ መንገዱን ሄደ። ሲመለስ ግን ከባድ ቃል ይዞ ነበር፤ የእንጨቱን ቀንበር ብትሰብር በምትኩ የብረት ይመጣል አለው። ሐናንያ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ።

በቀጣዩ ምዕራፍ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ይጽፋል። ቤት ሥሩ። አትክልት ተክሉ። አግቡ፣ ውለዱ። የምትኖሩበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ። ሰባ ዓመት ሲፈጸም እጎበኛችኋለሁ ይላል እግዚአብሔር። ያ ሁላችን የምንወደው ጥቅስ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ደብዳቤውን የሰማው ብዙው ጎልማሳ የሚሞተው እዚያው ባቢሎን ነው። ተስፋው እውነተኛ ነበር፤ ግን የሚደርሰው ለልጅ ልጆቹ ነው።

አሁን ሐናንያን ያመነ አንድ አባወራ አስቡ። ቤት አይሠራም፤ ሁለት ዓመት ምን አላት? ዛፍ አይተክልም። ልጁን አይድርም። ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ያልፋል፤ ሦስተኛው ይመጣል። መጀመሪያ በራሱ ይፈርዳል፤ ከዚያ በእግዚአብሔር ላይ ይፈርዳል። ሐሰተኛ ተስፋ ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርገው። እግዚአብሔር ያላለውን እግዚአብሔር እንዳለ አድርጎ ያስጠብቀዋል፤ ሳይሆን ሲቀር ሰውየው የሚያዝነው በሐናንያ ሳይሆን በጌታ ነው። እምነታቸውን ትተው የሄዱ ወዳጆቼን ታሪክ ስሰማ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ አንድ «ሁለት ዓመት» አገኛለሁ።

ለካስ አርዮስ አልሞተም

በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እስክንድርያ ውስጥ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበር። ወልድ ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥና የሚቀድም ነው፤ ግን ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። «ያልነበረበት ጊዜ ነበር» የሚለው የእሱ ትምህርት መለያ ሆነ። በ325 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒቂያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው፣ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ብለው መለሱ። ጸሎተ ሃይማኖት ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ደግሞ በ381 ቁስጥንጥንያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የቃላት ጨዋታ አድርጎ ያስበዋል። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እንደዚያ አላሰበም። ለዚህ ትምህርት ሲል አምስት ጊዜ ተሰዷል፤ ሲደመር 17 ዓመት ያህል። ያስጨነቀው መዳናችን ነበር። ክርስቶስ ፍጡር ከሆነ እሱ ራሱ በፍጥረትና በፈጣሪ መካከል ካለው ገደል በዚህኛው በኩል ነው ያለው፤ ታዲያ እኛን ማን ያሻግረናል? መስቀል ላይ ያለው እግዚአብሔር ራሱ ካልሆነ፣ እግዚአብሔር ሌላውን ልኮ እሱ ከሩቅ ተመለከተ ማለት ነው። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የምንዘምረው ሁሉ የቆመው በዚያ አንድ ቃል ላይ ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ይመስላል። በ2022 ሊጎኒየርና ላይፍዌይ ሪሰርች የተባሉ ተቋማት በአሜሪካ ያደረጉት ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ወንጌላውያን ከተባሉት መላሾች 73 ከመቶው «ኢየሱስ እግዚአብሔር የፈጠረው የመጀመሪያውና ታላቁ ፍጡር ነው» በሚለው ተስማምተዋል። ያለ ጥርጥር የአርዮስ ትምህርት ነው። 43 ከመቶው ደግሞ ታላቅ መምህር እንጂ አምላክ አልነበረም ብለዋል። ልክ እንሁን፤ አንዳንዱ መላሽ «የፍጥረት ሁሉ በኩር» የሚለውን ጥቅስ አስታውሶ ይሆናል የተስማማው። ግን ይኸው ራሱ ችግሩን ይናገራል። በየሳምንቱ የሚያመልኩ ሰዎች የሚያመልኩት ማን እንደሆነ የነገራቸው የለም። ክደው አይደለም። አልተማሩም።

አርዮስ አንድ ነገር በደንብ ገብቶት ነበር። ትምህርቱን በግጥምና በዜማ አደረገው። መርከበኛው፣ ወፍጮ ፈጪው፣ መንገደኛው እንዲያንጎራጉረው መዝሙር ጻፈ። ሰው ስብከት ይረሳል፤ መዝሙር ግን ሳህን ሲያጥብም፣ ልጅ ሲያስተኛም ከአፉ አይጠፋም። ዛሬም አብዛኛው ምዕመን ስለ እግዚአብሔር የሚያውቀውን የተማረው ከመዝሙር ነው። እናም አዲስ መዝሙር ሲመጣ «ዜማው ደስ ይላል» ከማለታችን በፊት ግጥሙን ያለ ዜማ አንዴ ጮክ ብለን ብናነበው ጥሩ ነው። አንዳንዱ ሲነበብ ያበራል። አንዳንዱ ደግሞ ከ«እኔ» በቀር ማንም የለበትም።

አስተማሪው የማያውቀን ዘመን

ሐሰተኛ ትምህርት በየዘመኑ ነበር። በዘመናችን የተለየው የሚመጣበት መንገድ ነው። ቲክቶክም ሆነ ዩቲዩብ ትምህርቱ እውነት ይሁን ሐሰት አይለዩም። የሚለኩት ሰው ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ላይክና ሼር እንዳደረገ ነው። በዚያ ሚዛን ላይ ሁለት ዓመትና ሰባ ዓመት ይቀመጡ። የትኛው እንደሚያሸንፍ መገመት አይከብድም። ጳውሎስ ሰዎች ጆሯቸውን ስለሚያሳክካቸው እንደ ገዛ ምኞታቸው አስተማሪዎችን ያከማቻሉ ብሎ ነበር። ማከማቸቱ ድሮ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ከቦታ ቦታ መዞር ይጠይቅ ነበር። አሁን አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካየህ ተመሳሳዩ አሥር ሆኖ ራሱ ይመጣልሃል።

ለእኔ ግን ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነው። ስልክ ላይ የሚያስተምረኝ ሰው አያውቀኝም። ስታመም አይመጣም፤ ሰው ሲሞትብኝ አይቀብርልኝም። ትምህርቱ ቤቴን ሲያፈርስ አያይም፤ ስለዚህ አይታረምም። የዕብራውያን መልእክት መሪዎች ስለ ነፍሳችሁ መልስ የሚሰጡ ናቸው ይላል። ያዕቆብም ከእናንተ ብዙዎች አስተማሪዎች አይሁኑ፤ ፍርዱ ይጠነክርብናልና ይላል። በአዲስ ኪዳን ማስተማርና ተጠያቂነት አይነጣጠሉም። ክሊፑ ለያያቸው።

በሰኔ 2023 ደግሞ በጀርመን ፉርት ከተማ፣ በፕሮቴስታንቶች ታላቅ ጉባኤ ላይ፣ አብዛኛው በቻትጂፒቲ የተዘጋጀ የአምልኮ ፕሮግራም ተካሂዶ ከ300 በላይ ሰው ተገኝቷል። ስብከቱን ያቀረበው ስክሪን ላይ ያለ ምስል ነበር። መሣሪያውን አልፈራውም። ጥቅስ ለመፈለግ፣ የቃል ትርጉም ለማየት ይረዳል። ግን «ስለ ነፍሳችሁ መልስ የሚሰጡ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ያ ስክሪን ምን ብሎ ይመልሳል? አንድ ሰባኪ ሌሊት ተነሥቶ ከጥቅሱ ጋር ሳይታገል፣ በመጀመሪያ ራሱ ሳይወቀስበት ያዘጋጀው ስብከት፣ አረፍተ ነገሩ ቢያምርም አደራ ማስረከብ አይሆንም።

ዋጋውን የሚከፍለው ደካማው ነው

የብልጽግና ወንጌል ስለሚባለው ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። በአጭሩ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ «የእምነት ቃል» በሚባለው እንቅስቃሴ ውስጥ የተስፋፋው ትምህርት እምነትን ከመታመን ወደ ኃይል ይለውጠዋል። ቃልህ ይፈጥራል፤ ገንዘብህ ዘር ነው፤ ከዘራህ የግድ ታጭዳለህ። ካላጨድክ ጉድለቱ ያንተ ነው። ከዚያች ታማሚ ትራስ ላይ የነበረው ስብከት የተቀዳው ከዚህ ምንጭ ነው።

ዓለም አቀፉ የወንጌላውያን የሎዛን ንቅናቄ የነገረ መለኮት ቡድን በ2008 እና በ2009 ጋና ውስጥ አክሮፖንግ ላይ ተሰብስቦ ጉዳዩን መርምሮ ነበር። በመግለጫው ያስደሰተኝ ሚዛናዊነቱ ነው። የእግዚአብሔርን ኃይል በእምነት መጠበቅን ተቀብሏል፤ ትምህርቱ በከባድ ድህነት ውስጥ ላሉ ብዙዎች ብቸኛ ተስፋ ሆኖ እንደሚቀርብላቸውም አስተውሏል። ነገር ግን ትምህርቱ በጥቅሉ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያዛባ ነው ብሏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ባለጠጋን አይጎዳም፤ እንዲያውም ያሞካሸዋል። የሚጎዳው የቤት ኪራዩን አውጥቶ «የዘራውን» ሰው ነው፤ መድኃኒቷን ያቆመችውን እናት ነው።

መጨረሻው ሲከፋ ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተናል። በ2023 ኬንያ ውስጥ ሻካሆላ በተባለ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬኖች ከመቃብር ወጥተዋል። ኢየሱስን ለማግኘት እስከ ሞት ጹሙ ተብለው እንደነበር ነው የተነገረው። ብዙ ሕፃናት ይገኙባቸዋል። ሕፃን ስለ አስተምህሮ አይከራከርም። የተማረው አባቱ ነው፤ የተራበው እሱ።

በትር የሆነ ጊዜ

እዚህ ድረስ ከእኔ ጋር የተስማማ አንባቢ ተነሥቶ መናፍቅ ማደን እንዲጀምር አልፈልግም። ያም በሽታ ነው። ሙሉ ቀን ሌላውን ሰባኪ ሲያጋልጡ የሚውሉ ገጾች አሉ። አንዳንዱ የሚሉት እውነት ነው። ግን አንድ ሰዓት ካየኋቸው በኋላ ክርስቶስን የበለጠ ወድጄ ወጥቼ አላውቅም።

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 2 ላይ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የኤፌሶንዋ ሐሰተኞችን ሐዋርያት መርምራ ለይታለች፤ ጌታም ይህን አመስግኗል። ግን የቀደመውን ፍቅርሽን ትተሻል ብሎ መቅረዙን እንደሚወስድ አስጠነቀቃት። የትያጥሮንዋ ደግሞ ፍቅሯም አገልግሎቷም እየጨመረ የሄደ ነው፤ ግን ሕዝቡን የምታስተውን ኤልዛቤልን ዝም ብላታለች። አንዷ ትምህርት ይዛ ፍቅር ጣለች። ሌላዋ ፍቅር ይዛ ትምህርት ጣለች። ጌታ ለሁለቱም «ይህን እነቅፍብሻለሁ» ብሏል። «ዋናው ፍቅር ነው» የሚለውም፣ «ዋናው እውነት ነው» የሚለውም ሁለቱን ደብዳቤዎች አብሮ ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ሁሉም ነገር እኩል አይመዝንም ደግሞ። በዋናው አንድነት፣ በሌላው ነፃነት፣ በሁሉ ፍቅር የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ ለአውግስጢኖስ ይሰጣል። እሱ አላለውም፤ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓ በሃይማኖት ጦርነት ስትታመስ ነው። ያን ደም ያዩ ሰዎች ይህን ማለታቸው ይገባኛል። ክርስቶስ ማን ነው፣ ተነሥቷል ወይ፣ የምንድነው በምን ነው የሚሉት መሠረቶች ናቸው። የመጨረሻው ዘመን ክስተቶች ቅደም ተከተል መሠረት አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 14 ላይ ስለ መብልና ስለ ቀን የተለያዩ ወንድሞችን እንዳይናናቁ ነው የለመናቸው። በገላትያ 1 ላይ ግን ሌላ ወንጌል የሚሰብክ መልአክ እንኳ ቢሆን የተረገመ ይሁን ይላል። ያው ሰው ነው የጻፋቸው። የቱ ጋ መለሳለስ፣ የቱ ጋ መጠንከር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ያ ማወቅ ራሱ የጤናማ ትምህርት አካል ነው።

የአጵሎስ ሳሎን

እርማት እንዴት እንደሚደረግ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የሐዋርያት ሥራ 18 ነው። አጵሎስ ንግግር አዋቂ ነው፤ መጻሕፍትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በመንፈስ የሚቃጠል ነው። ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ ባልና ሚስት አቂላና ጵርስቅላ በምኩራብ ሰሙት። እጃቸውን አንሥተው አላቋረጡትም። ወደ ቤታቸው ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል ገለጡለት። እሱም ሰማ። ያ ዝነኛ ሰባኪ ከድንኳን ሰፊዎች ተማረ። ከዚያ አካይያ ሄዶ ላመኑት እጅግ ጠቀማቸው።

ዛሬ የሚያስፈልገን ይህ ሳሎን ነው ባይ ነኝ። ሰባኪው «እዚህ ጋ አልገባኝም» የሚሉት ሰዎች በዙሪያው ይኑሩት። ጥያቄ የጠየቀ ወጣት እምነቱ እንደደከመ አይቆጠር፤ የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት ጳውሎስን ራሱን በመጻሕፍት በመመርመራቸው ነው። ስብከቱ ከጥቅስ ወደ ጥቅስ ከመዝለል ይልቅ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሂድ፤ ያኔ 29፥11 ላይ ስንደርስ 29፥10ንም እናገኘዋለን። አዲስ አማኝ ስለ መባ ከመስማቱ በፊት ስለ ሥላሴ ይስማ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ይጠይቃል፤ ቫይራልም አያደርግም።

ወደዚያች እህት ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ። በዚህኛው መልስ ይዤ ነበር። ጳውሎስ ጤናማውን ትምህርት የማይታገሡበት ዘመን ይመጣል ብሎ የጻፈው በ2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4 ላይ ነው። በዚያው ምዕራፍ፣ መጨረሻው አካባቢ፣ ማንም የማይጠቅሰው አንድ ቁጥር አለ። ለሰላምታ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ጨርቁ እንኳ ድውይ ይፈውስ የነበረው ሰው ስለ ባልንጀራው የጻፈው ነው። አነበብኩላት። «ጥሮፊሞስን ግን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት።»

ትንሽ ዝም አለች። «እምነቱ ስላነሰ ነው አላለም?» አለችኝ።

«አላለም።»

«እስቲ ድገመው» አለች። ደገምኩላት።